ለበዓል ጠዋት የቡና ቁርስ፦ የኖርዲክ ዌር ቡንት መጋገሪያ ያዋጣል ወይ?

ዘንድሮ የገና በዓል ረቡዕ ዋለ። እዚህ አሜሪካ ረቡዕ የሥራ ቀን ስለሆነ ፈቃዴን የጠየቅኩት በኅዳር ነው። ፕሮግራሙ ያው የታወቀው ነው፦ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ቤት፣ በዶሮ ወጥ መፈሰክ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ሸለብ ማድረግ፣ ከዚያ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቡና አፍልቶ እንግዳ መቀበል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያች የጠዋት ቡና ቁርስ ነው፤ ይበልጥ ደግሞ ቁርሱን ስለጋገርኩበት ዕቃ።

ዕቃው ኖርዲክ ዌር የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው «ቡንት» መጋገሪያ ነው። መሐሉ ቱቦ ያለው፣ ዙሪያው እንደ ሽንሽን ቀሚስ የተሸነሸነ፣ ክብ የኬክ መጋገሪያ። ከገዛሁት ሦስት ዓመት አልፎታል። ያየው ሰው ሁሉ «ለኬክ መጋገሪያ ይኼን ያህል ብር?» ስለሚለኝ መልሴን አንዴ በደንብ ልጻፈው። አዎ፣ ያዋጣል። ለእኔ ያዋጣበት ምክንያት ግን ማማሩ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ኬኩ ልንገራችሁ። «ኮፊ ኬክ» የሚባለውን ነገር የቀመስኩት ሚኒሶታ ግዛት ሴንት ፖል ከተማ በገባን በመጀመሪያው ክረምት፣ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት አሮጊት በፎይል ሸፍነው ይዘውልን ሲመጡ ነው። በረዶው እስከ ጉልበት ነበር፤ እሳቸው ግን በዚያ ዕድሜያቸው መንገዱን ተሻግረው መጡ። ቆርሼ ስቀምስ ቡናውን ፈለግኩት፣ አጣሁት። ቀረፋ አለ፣ ቅቤ አለ፣ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ የስኳርና የዋልነት መስመር አለ፣ ቡና ግን የለም። ብጠይቃቸው «ከቡና ጋር ስለሚበላ ነው እንጂ ቡናስ የለበትም» አሉኝ። እንዴ፣ ይኼማ የቡና ቁርስ ነው! ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ቤት ስሙ የቡና ቁርስ ሆኖ ቀረ። ከፈንዲሻውና ከቆሎው ጎን ሳስቀምጠው ለማንም እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ቡናን ባዶውን ማቅረብ ነውር መሆኑ ለካ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ጀርመኖቹም ስዊድኖቹም ከቡናቸው ጎን የሚቆረስ ነገር ያስቀምጣሉ። ሚኒሶታ ደግሞ ከእነዚያ አገሮች በመጡ ሰዎች የተሞላ ግዛት ነው።

አሠራሩን ተማርኩ፣ የመጀመሪያውን ግን አበላሸሁት። ከአንድ ርካሽ ዕቃ መሸጫ በ8 ዶላር የገዛሁት ስስ መጋገሪያ ነበረኝ። ለፋሲካ ጠዋት ጋገርኩ። ዳርዳሩ ጠቁሮ ደረቀ፣ መሐሉ ግን ሊጥ ነበር። ስገለብጠው ግማሹ ሳህኑ ላይ ወደቀ፣ ግማሹ መጋገሪያው ላይ ተጣብቆ ቀረ። እንግዶቼ ደጅ ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ እየሰማሁ እኔ በማንኪያ እየፋቅኩ ነበር። ከ55 ቀን ጾም በኋላ በዓሉን አድምቄ ላሳልፍ ብዬ፣ የዚያን ቀን ያለቀስኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። ቂጣም ቢሆን ይጣበቃል፣ ግን በማግሥቱ ሌላ ትጋግሪያለሽ። የበዓል ጠዋት ማግሥት የለውም።

ታዲያ ያቺው ጎረቤቴ ናቸው «ልጄ፣ እዚሁ የሚሠራውን ግዢ» ያሉኝ። እዚሁ ሲሉ እውነታቸውን ነው። ኖርዲክ ዌር ከእኛ ቤት ብዙ በማይርቀው በሴንት ሉዊስ ፓርክ ነው ያለው። ዴቪድ ዳልኲስትና ባለቤቱ ዶሮቲ በ1946 የመሠረቱት ኩባንያ ነው። ቡንት የመጣው በ1950 ነው። ሃዳሳ ከሚባለው የአይሁድ ሴቶች ማኅበር የሚኒያፖሊስ አባላት ወደ ዳልኲስት ሄደው፣ አያቶቻችን በአውሮፓ ይጋግሩበት የነበረውን ከባድ መጋገሪያ በቀላል አሉሚኒየም ሥራልን አሉት። ሠራላቸው። «ቡንድ» በጀርመንኛ ኅብረት እንደ ማለት ነው፤ እሱ መጨረሻው ላይ ሌላ ፊደል ጨምሮ «ቡንት» ብሎ የንግድ ስም አደረገው። መጀመሪያ ብዙም አልተሸጠም ነበር። በ1966 የዱቄት ኩባንያው ፒልስበሪ ባዘጋጀው የመጋገር ውድድር ላይ አንዲት የቴክሳስ ሴት በዚህ መጋገሪያ የሠራችው የቸኮላት ኬክ ሁለተኛ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ መጋገሪያውን ፍለጋ ወጣ። ይኼን ታሪክ የወደድኩት ነገሩ የተጀመረው ከአገራቸው የመጣ የእናቶቻቸው ኬክ ከናፈቃቸው ሴቶች ስለሆነ ነው። ምጣድ በሻንጣ ይዞ የመጣ ሰው ይኼን አያጣውም።

እኔ የገዛሁት ከ10 እስከ 15 ኩባያ የሚይዘውን ነው። 36 ዶላር ከፍያለሁ። መጀመሪያ እጄ ላይ ሳነሳው ክብደቱ ገረመኝ። ቀላል ተብሎ የተሠራው ከድሮው ብረት ጋር ሲነጻጸር ነው እንጂ፣ ከ8 ዶላሩ ጋር ካስተያየነው ድስት ነው የሚመስለው። ቀልጦ በቅርጹ የተፈሰሰ አሉሚኒየም ነው፣ ግድግዳው ወፍራም ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ይኼ ነው። ስስ ቆርቆሮ እሳቱ የነካው ቦታ ላይ ቶሎ ይግላል፣ ሌላው ጋ ይዘገያል። ወፍራም አሉሚኒየም ሙቀቱን ለሁሉም ጎን እኩል ያዳርሳል። የመሐሉ ቱቦ ደግሞ ሙቀቱን ሊጡ መሐል ድረስ ያስገባዋል። ሳወር ክሪም (የኮመጠጠ ክሬም) ያለበት ሊጥ ወፍራምና ከባድ ስለሆነ ያለዚያ ቱቦ መሐሉ እስኪበስል ዳሩ ይደርቃል። የፋሲካው ጉድ የመጣው ከዚሁ ነበር።

አሁን ወደ ዘንድሮ ልመለስ። ማክሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቅቤውን፣ ሦስቱን እንቁላልና ሳወር ክሪሙን ከማቀዝቀዣ አወጣሁ። ቀድሞ ማውጣት ግዴታ ነው፤ ቀዝቃዛ እንቁላል ቅቤውን መልሶ ያረጋዋል። በአንድ ሳህን 2 ኩባያ ተኩል የፍርኖ ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አዋሃድኩ። በሌላው ግማሽ ኩባያ ቡናማ ስኳር፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ግማሽ ኩባያ የተከተፈ ዋልነትና፣ ይኼኛው ከጎረቤቴ ሳይሆን ከእኔ የመጣ ነው፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ። ኮረሪማውን አታብዙት። ከበዛ ወጥ ወጥ ይላል፤ ሩብ ማንኪያ ግን ቀረፋውን ከፍ ያደርገዋል፣ ቡናው ሲመጣ ደግሞ ይገናኛሉ።

170 ግራም ቅቤ ከ1 ኩባያ ከሩብ ስኳር ጋር እስኪነጣ መታሁ፣ ሦስት አራት ደቂቃ ያህል። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ። ትንሽ ቫኒላ። ከዚያ ዱቄቱንና 1 ኩባያ ከሩብ ሳወር ክሪም እያፈራረቅኩ ጨመርኩ፣ ዱቄቱ እንደጠፋ ማማሰሉን አቆምኩ። ሳወር ክሪም ያላገኘ ሰው ውኃው የተጠለለ እርጎ ይጠቀም፤ ሶዳው የሚፈልገው ኮምጣጣውን ነው፣ እርጎም አለው። በቃ፣ ሊጡ ይኼ ነው። ማቡካት የለ፣ ኩፍ እስኪል መጠበቅ የለ። ድፎ ዳቦ ለሁለት ቀን ለደከመች ሴት ይኼ ዕረፍት ነው።

መቅመስ ግን አይቻልም። ጾሙ አልተፈታማ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ቅቤ ያልነካ አፍ፣ ጣት ላይ የተረፈውን ሊጥ አይቶ በውኃ ማጠብ ቀላል አይደለም። ቀማሿ ትንሿ ልጄ ናት፣ አምስት ዓመቷ ነው፣ ለጾም አልደረሰችም። ማንኪያውን ልሳ «ስኳሩ በቂ ነው፣ ግን ሌላ ማንኪያም ልቅመስ» አለችኝ። ዳኝነቷን ተቀበልኩ።

አሁን ይኼን ክፍል በደንብ አንብቡት፣ ምክንያቱም ቡንት ገዝተው «ተጣበቀብኝ» የሚሉኝ ሰዎች ሁሉ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። መጋገሪያውን በቅቤ አትቀቡት። ቅቤ ውስጥ ውኃም የወተት ቅሪትም አለ፣ ያ ቅሪት ነው ሸንተረሮቹ ላይ የሚጣበቀው። «ሾርትኒንግ» የሚባለውን የሚረጋ የአትክልት ስብ በብሩሽ ቀቡት፤ እያንዳንዱን ሸንተረር እስከ ታች፣ ቱቦውንም ዙሪያውን። ቱቦውን የሚረሳ ብዙ ነው። ከዚያ ዱቄት ነስንሱበት፣ እያዞራችሁ መታ መታ አድርጉት፣ የተረፈውን አራግፉ። በቆርቆሮ የሚመጣውን የሚረጭ ዘይት ደግሞ ተዉት። መጣበቅን የሚከላከለው ሽፋን ላይ እየተጋገረ ቢጫ ሙጫ ይሆንና በጊዜ ብዛት ራሱ ማጣበቂያ ይሆናል። ሌላው፣ ይኼን ሥራ ሊጡን ልትጨምሩ ስትሉ ነው የምትሠሩት፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ከቀባችሁት የኩሽናው ሙቀት ያቀልጠውና ታች ይጠራቀማል።

ሁለተኛው ነገር ስኳሩ ነው። ግማሹን ሊጥ ካፈሰስኩ በኋላ የቀረፋውን ድብልቅ የምነሰንሰው መሐል መሐሉን ብቻ ነው፤ ከግድግዳው አንድ ጣት፣ ከቱቦውም አንድ ጣት አርቄ። ስኳር ብረቱን ከነካ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ከረሜላ ይደርቃል፣ ከዚያ ኬኩን በምንም አታላቅቁትም። ከላይ የቀረውን ሊጥ በማንኪያ ጣል ጣል አድርጌ ሸፈንኩት። 350 ፋራናይት ላይ አስገባሁት፣ ወደ 175 ሴልሺየስ ማለት ነው። መጋገሪያችሁ ውስጡ ጥቁር ከሆነ 325 ይበቃዋል፣ ጥቁር ቀለም ሙቀት ይስባል። 52 ደቂቃ ላይ ስቴኪኒ ወግቼ ሳወጣው ንጹሕ ነበር።

ከዚያ 10 ደቂቃ። በሰዓት ነው የምቆጥረው፣ በግምት አይደለም። እንደወጣ ከገለበጣችሁት ለስላሳ ስለሆነ ይሰበራል፣ ግማሽ ሰዓት ካለፈው ደግሞ ያመለጠ ስኳር ካለ ይደርቅበታል። እናቴ ዘንድሮ ከአዲስ አበባ መጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኛ ጋር ነበረች፤ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ቆማ ታያለች። መጋገሪያውን መጀመሪያ ቀን አይታው «ይኼ ጌጥ ነው ወይስ ዕቃ?» ብላኝ ነበር። ሳህኑን ከላይ ደፋሁበት፣ በሁለት ጨርቅ ይዤ ገለበጥኩት፣ ሁለቴ መታ መታ አደረግኩት። ክብደቱ ከብረቱ ወደ ሳህኑ ሲወርድ በእጅ ይታወቃል፤ አንዲት ድብ የምትል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ከዚያ መጋገሪያው በእጃችሁ ላይ ባዶ ሆኖ ይቀላል። አነሳሁት። ሸንተረሮቹ አንድም ሳይጎድሉ፣ የማር መልክ ይዘው ወጡ። እማዬ «እሰይ!» አለች። ወዲያው ደግሞ መጋገሪያውን ተቀብላኝ ውስጡን በጣቷ እየዳበሰች «ምንም አልቀረበትም እኮ» አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሚወጣልኝ። የከፈልኩት ለዚህች ደቂቃ ነው።

በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነነው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ ነበር፣ ነጠላችንን ከካፖርት በላይ ለብሰን። ስንመለስ የቤቱ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለን የዶሮው ሽታ ነው፣ ከሱ ኋላ ቀረፋው። ጠዋት ላይ ሦስት ቤተሰብ መጣ፣ ከእኛ ጋር 11 ሰው። ቄጤማው ከሱቅ የተገዛ ቢሆንም ቄጤማ ነው፣ እጣኑ ጨሰ፣ ቡናው ተቆላ። ድፎው በወጉ ተባርኮ ተቆረሰ፣ ይኼን ማንም አይተካውም፣ እንዲተካውም አልፈልግም። ኬኩ የመጣው ከአቦሉ ጋር ነው። ሸንተረሩ ራሱ ቢላዋው የት እንደሚገባ ስለሚያሳይ ቁራሹ ለሁሉም እኩል ይሆናል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። በረካ ላይ ስንደርስ ሳህኑ ላይ ሁለት ቁራሽ ቀርቶ ነበር። እነዚያን ሐሙስ ወደ ሥራ ይዣቸው ሄድኩ፣ እውነቱን ለመናገር በሁለተኛው ቀን ይበልጥ ጥሞኛል፣ ቀረፋው ወደ ሊጡ ሰርጎ ለስልሷል።

ለመግዛት ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልጨምር። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አታስገቡት፣ የማሽን ሳሙና አሉሚኒየምን ያጠቁረዋል። በሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ በለስላሳ ስፖንጅ ማጠብ ነው፣ ሸንተረሮቹ ስላሉ ከዝርግ መጋገሪያ ይልቅ ጊዜ ይወስዳል። ቢላዋም ሹካም ውስጡ አታስገቡ። በዓመት አንዴ ብቻ ኬክ የምትጋግሩ ከሆነ ደግሞ አትግዙ፣ ከጎረቤት ተዋሱ፤ እኔ የራሴን ለሁለት ቤት አውሼ በሰላም ተመልሶልኛል። በየበዓሉና በየልደቱ የምትጋግሩ ከሆነ ግን ሁለትና ሦስት ርካሽ ከመቀያየር አንዴ ይኼን መግዛት ይሻላል። ከዓመት በዓል ማግሥት ዋጋው ስለሚቀንስ ያን ጊዜ ጠብቁት።

በጾም ይሆናል ወይ የሚለውም ይጠየቃል። ይሆናል። በዘይት፣ በብርቱካን ጭማቂና በሶዳ ጋግሬበት አውቃለሁ። እንቁላል የሌለው ኬክ ፈርካሽ ስለሆነ 10 ደቂቃው ላይ ሳይሆን 20 ደቂቃ አቆይቼ ነው የምገለብጠው።

እማዬ ከጥምቀት በኋላ ተመለሰች። ከመሄዷ በፊት አንድ ቡንት ገዛሁላትና ጋቢ ውስጥ ጠቅልለን ሻንጣው መሐል አስቀመጥነው። አክስቴ ጋ አስደውላ የቤቷን ኦቨን ወርድና ቁመት በሜትር አስለክታ ነበር፤ መጋገሪያው ወርዱ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደህና አድርጎ ይገባል። አንድ ያሳሰበኝ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች መሆኗ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጡ ቶሎ ይነፋና መልሶ ይሟሽሻል፤ የእኔን መጠን እንዳለ ብትጠቀም ኬኩ መሐሉ ይሰጥማል። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ 1 የሻይ ማንኪያ ከሩብ ቀንሺ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምሪ፣ ቱቦውን መቀባት እንዳትረሺ ብዬ በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፌ መጋገሪያው ውስጥ ከትቼላታለሁ። ለፋሲካ ትጋግርበታለች።